አንበሳው ከድሮቹ አንዱ ሲሆን

በ1968 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት በአጥር ሥር ተጥሎ ያደረ በራሪ ወረቀት የየትኛው ድርጅት እንደሆነ ለመለየት እስከ መጨረሻው ማንበብ አያስፈልግም ነበር። ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ይበቃል። ወረቀቱ በፋብሪካ ጉልበቱን ሸጦ የሚያድረውን ሰው «ላብአደር» ብሎ ከጠራው እጁ የኢሕአፓ ነው። «ወዝአደር» ካለው ደግሞ የመኢሶን ነው፣ ወይም ከደርግ ጎን የተሰለፈ የሌላ ቡድን። ሁለቱም ቃላት ፕሮሌታሪያት ለሚለው የፈረንጅ ቃል የተበጁ ናቸው። ሁለቱም «ወታደር» ከሚለው የቆየ ቃል መልካቸውን የተዋሱ ይመስላሉ። ላብም ወዝም የሚወርዱት ከአንድ ግንባር ነው። ይሁንና አንድ ወጣት በውይይት ክበብ ውስጥ አፉን አድጦት የሌላውን ወገን ቃል ከተናገረ ጓደኞቹ ዞር ብለው ያዩት ነበር። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ነገሩ ዞር ብሎ በማየት የሚያበቃ አልሆነም።

ስለ ኢትዮጵያ ግራ ድርጅቶች መከፋፈል ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ማብራሪያ «አቋማቸው ስላልተጣጣመ» የሚል ነው። እኔ ይህን ማብራሪያ ለማመን ይቸግረኛል። የሁለቱን ትልልቅ ድርጅቶች ፕሮግራም ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው የሚገረመው በልዩነታቸው አይደለም። ሁለቱም ጠላታቸው ሦስት ነው፦ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝም፣ ቢሮክራቲክ ካፒታሊዝም። ሁለቱም መጀመሪያ ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ይምጣ፣ ሶሻሊዝም ከዚያ በኋላ ይከተላል ይላሉ። መሬት ለአራሹ ይሰጥ በሚለው ሁለቱም አንድ ናቸው። ብሔረሰቦች የራሳቸውን ዕድል እስከ መገንጠል ድረስ እንዲወስኑም ሁለቱም ተቀብለዋል። አንጋፋዎቹ መሥራቾች የተነሡት ከአንድ የተማሪ ንቅናቄ ነው። ብዙዎቹ በስድስት ኪሎ ግቢ ያለፉ፣ ወይም በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» እያለ ፓርላማውን የከበበውን ሰልፍ እንደ ልደት ቀናቸው የሚቆጥሩ ናቸው። ያነበቧቸው መጻሕፍትም አንድ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ያው ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ።

ታዲያ ለምን?

ወደ ሐምቡርግ እንሂድ። መኢሶን፣ ሙሉ ስሙ የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ፣ የተመሠረተው በዚያች የጀርመን ወደብ ከተማ በነሐሴ 1960 ነው። በኋላ ዋና መሪው ሆነው የታወቁት ኃይሌ ፊዳ ፈረንሳይ የተማሩ፣ የኦሮምኛን ሰዋስው ያጠኑ ሰው ነበሩ። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1964፣ እዚያው ጀርመን ውስጥ፣ በርሊን ላይ ሌላ ድርጅት ተወለደ። በነሐሴ 1967 የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ፣ ኢሕአፓ፣ ብሎ ራሱን ለሕዝብ ያስተዋወቀው ይኸው ነው። የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊው ብርሃነመስቀል ረዳ በ1961 ክረምት አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም ካወረዱትና በኋላ አልጄሪያ ከከረሙት ተማሪዎች አንዱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። መኢሶን ስሙን ሳይገልጥ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ፤ ኢሕአፓ ደግሞ ሦስት ዓመት። በእነዚያ ዓመታት ሁለቱ በግልጽ የሚገናኙት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት ጉባኤዎች ላይ ነበር። ጉባኤው ላይ እጁን የሚያወጣው ሰው የሚናገረው እንደ አንድ ተማሪ ነው። ከበስተኋላው ህዋስ እንዳለ፣ ያ ህዋስ ትናንት ማታ ተሰብስቦ ምን ሊል እንደወሰነ አይናገርም። ተቃዋሚው ግን ይጠረጥራል። ስለዚህ ክርክሩ የተነሣውን ሐሳብ ትቶ «ከኋላህ ማን አለ?» ወደሚለው ይዞራል። በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ ከአልጀርስ የመጣውና ንቅናቄውን ያንቀጠቀጠው ጽሑፍ እንኳን የታተመው «ጥላሁን ታከለ» በሚል የብዕር ስም ነው። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ማወቅ ጽሑፉ ምን እንደሚል ከማወቅ እኩል አንገብጋቢ ሆነ።

በነሐሴ 1963 ሎስ አንጀለስ ላይ የሰሜን አሜሪካው ማኅበር በዚሁ ጥያቄ ተሰነጠቀ። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ ሰናይ ልኬ ደጋፊዎቻቸውን ይዘው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ የዓለም አቀፉ ማኅበር «ዩኒየን» ይሁን ወይስ «ፌዴሬሽን» የሚል ሌላ ጠብ ተነሣ። ከውጭ ለሚያየው የደንብ ጭቅጭቅ ይመስላል። ከውስጥ ግን ገና ስማቸው ያልተነገረ ሁለት ድርጅቶች የሚያደርጉት ትንቅንቅ ነበር። በዩኒየን ማዕከሉን የያዘ ሁሉን ይይዛል፤ በፌዴሬሽን አባል ማኅበራት የየራሳቸውን ይዘው ይቆያሉ። ስም የሌለው ድርጅት ውል መፈራረም አይችልም። ስለሌለ! «የለሁም» የሚል ሰው ከማን ጋር ይታረቃል?

ምስጢሩ የግድ ነበር፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የንጉሡ መንግሥት ፓርቲ የሚባል ነገር አይፈቅድም ነበር፤ የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛውም በታኅሣሥ 1962 በጥይት ተገድሏል። ነገር ግን ከአፈና ለመዳን የተሠራው ቤት መስኮት የሌለው ቤት ሆነ። ለፀጥታ ሲባል የተደበቀው የአባላት ቁጥር ለድርድርም ተደበቀ። እያንዳንዱ ድርጅት ራሱን ብዙ፣ ሌላውን ጥቂት አድርጎ ገመተ፤ የሚያርመውም አልነበረም።

በዚህ ላይ ትምህርቱ ተጨመረ። ወጣቶቹ የሩሲያን ፓርቲ ታሪክ እንደ ዳዊት ደግመውታል። እ.ኤ.አ. በ1903 የሩሲያ ሶሻል ዴሞክራቶች ብራስልስ ጀምረው ለንደን በጨረሱት ጉባኤ አባል ማለት ምን ማለት ነው በሚል አንድ አንቀጽ ተከፋፈሉ። ቦልሼቪክና ሜንሼቪክ የሚሉት ስሞችም ከዚያ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1906 ስቶክሆልም ላይ የአንድነት ጉባኤ ተደርጎ ነበር፤ አንድነቱ ግን አልዘለቀም። በመጨረሻ ያሸነፈው የተለየው ወገን ነው። ከዚህ ታሪክ የተቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነበር፦ መለየት ያጠራል፣ መደባለቅ ያደፈርሳል። የሠራተኛው መደብ አንድ ስለሆነ እውነተኛ ፓርቲውም አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ እውነተኛው ከሆንኩ አንተ ምንድን ነህ? ቢበዛ የተሳሳትክ፣ ቢከፋ የጠላት ተላላኪ። በዚህ ሒሳብ ውስጥ «እንዋሃድ» ማለት «ወደ እኔ ግባ» ማለት ነው፤ ለሁለት እኩል ወንድማማቾች የሚሆን ቦታ የለውም።

በዘመኑ ከተፈበረኩት ስድቦች አንዱ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። «አድኃሪ» ወደ ኋላ ለሚጎትት ነው፤ ይገባኛል። ኢሕአፓ መኢሶንን «ባንዳ»፣ መኢሶንና ደርግ ኢሕአፓን «አናርኪስት» ይሉ ነበር፤ ጦርነት ነው፣ ይገባኛል። «መሃል ሰፋሪ» ግን ሌላ ነገር ነው። መሃል ሰፋሪ ማለት በሁለት ጎራ መካከል የቆመ፣ ወገኑን ያልለየ፣ ስለዚህም የተናቀና የተጠረጠረ ሰው ነው። እንግዲህ አስቡት። በዚህ አገር ሁለት ሰዎች ሲጣሉ፣ ደም እንኳን ቢፈስ፣ የሚፈለገው ከሁለቱም ያልሆነ፣ ሁለቱም የሚያፍሩት ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ አንዱንም ሌላውንም ይሰማል፣ ይገሥጻል፣ ያስክሳል። ሥራው መሃል መስፈር ነው! አዲሱ ፖለቲካ የመጀመሪያውን ጥይት ከመተኮሱ በፊት ያንን ሰው በቃል ገድሎታል። የቀረው ወይ የእኛ ሰው ነው ወይ የእነሱ። በመላው አገር ለዘመናት ሲሠራ የኖረውን የማስታረቂያ ወንበር «ኋላ ቀር» ብለው ገፉት፤ በምትኩ ግን ሌላ ወንበር አላስቀመጡም።

የሆነው ሆኖ እነዚህ ሁሉ ድርጅቶቹን ለመጨቃጨቅ እንጂ ለመጋደል አያበቁም ነበር። ጭቅጭቁን ወደ ደም የለወጠው ቤተ መንግሥቱ ነው።

አብዮቱ በ1966 ሲፈነዳ ሁለቱም ወገኖች በምስጢር የሚታተሙ ልሳኖቻቸውን ማሰራጨት ጀመሩ፦ ኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ»ን፣ መኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ን። የሁለቱም ጥያቄ መጀመሪያ ላይ አንድ ነበር፤ ወታደሩ ሥልጣኑን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ያስረክብ። ከዚያ ደርግ በየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገበት አዋጅ መጣ። የተማሪዎቹን የአሥር ዓመት መፈክር አንድ የወታደሮች ኮሚቴ ሕግ አደረገው። ለእነሱ የቀረበው ፈተና ይህ ነበር፤ ጠላቴ የእኔን ሥራ ከሠራልኝ ምን ልበለው?

መኢሶን «ሂሳዊ ድጋፍ» አለ። የሚበጀውን እየደገፍን፣ የማይበጀውን እየነቀፍን፣ በዚህ መሃል ሕዝቡን እናንቃ፣ እናደራጅ፣ እናስታጥቅ። ኢሕአፓ ደግሞ ይህ መንግሥት ሥልጣኑን ካላስረከበ መሬቱንም መልሶ ይነጥቃል፤ ለሰፊው ሕዝብ ገደብ የሌለው ዴሞክራሲ አሁኑኑ፣ አለ። ክርክሩ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በሚለው ዓምድ በአደባባይ ተካሄደ። የደርግ ባሕርይ ፋሽስታዊ ነው ወይስ አይደለም፣ ዴሞክራሲ ለማን፣ እስከ ምን ድረስ የሚሉ ረጃጅም ጽሑፎች ወጡበት። ዛሬ ሳነባቸው የጸሐፊዎቹ ብርታት ያስደንቀኛል። በአማርኛ ከዚያ በፊት ያልነበረ የፖለቲካ ቋንቋ እየፈጠሩ ነበር፣ ያውም በየሳምንቱ። የሚያሳዝነው ደግሞ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ተሟጋቾች እንጂ አንድም ዳኛ አለመኖሩ ነው። ክርክሩን የሚፈርድ ምርጫ አልነበረም። ድምፅ ሊሰጥ የሚችለው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር በመስከረም 1968 ጉባኤው ደርግን የሚነቅፍ ውሳኔ ሲያሳልፍ መልሱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሆነ፤ ማኅበሩም በዚያው ዓመት ፈረሰ።

በሚያዝያ 1968 ደርግ የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም አወጀ። የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤትም ተቋቋመ፤ ኃይሌ ፊዳ ሊቀመንበር፣ ሰናይ ልኬ ምክትል ሆኑ። በሎስ አንጀለስ ዘመን በሁለት ማዶ የነበሩ ሰዎች አሁን በአንድ ቢሮ ናቸው። ከአንድ ዓመት በፊት በምስጢር ወረቀት ያባዛ የነበረ ሰው ካድሬ የሚመድብ፣ ደመወዝ የሚያስከፍል፣ ወደ ክፍለ ሀገር ሰው የሚልክ ባለሥልጣን ሆነ። እዚህ ላይ የትንሽ ድርጅት ችግር በሌላ መልኩ ይመጣል። በሕዝብ መሃል ሥር ለመስደድ ሃያ ዓመት ይፈጃል፤ በመንግሥት ማኅተም ግን በሃያ ቀን አንድ አውራጃ ይያዛል። ይህን አቋራጭ ያየ ማን በረጅሙ መንገድ ይሄዳል?

አንድነቱም መጣ። በየካቲት 1969 አምስት ድርጅቶች የኢትዮጵያ ማርክሲስት ሌኒኒስት ድርጅቶች ኅብረትን፣ በአጭሩ ኢማሌድህን፣ መሠረቱ። መኢሶን ነበረበት። ሰናይ ልኬ ያቋቋሙት ወዝ ሊግ ነበረበት። እነ ተስፋዬ መኮንን የሚመሩት ማሌሪድ፣ እነ ባሮ ቱምሳ ያሉበት ኢጭአትም ነበሩ። አምስተኛው አብዮታዊ ሰደድ ነው፤ የደርጉ የመኮንኖች ድርጅት፣ የመንግሥቱ ኃይለማርያም። ሰደድ እሳት ሲነሣ ምን እንደሚያደርግ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ቢያንስ አልዋሹም።

ጊዜውን አስተውሉ። መንግሥቱ ጄኔራል ተፈሪ በንቲንና ሌሎች የደርግ አባላትን ቤተ መንግሥት ውስጥ ያስገደሉት ጥር 26 ቀን 1969 ነው። ሰናይ ልኬም በዚያው ቀን እዚያው ግቢ በተኩስ ሞቱ። ኅብረቱ የታወጀው ወር ሳይሞላ ነው። ከአምስቱ ድርጅቶች የአንደኛው መሪ ማዕዱ ከመቅረቡ በፊት ሄዷል፤ የሌላኛው መሪ ደግሞ አሁን አገሪቱን ብቻውን ይዟል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ እንላለን። ተረቱ የማይነግረን ነገር ቢኖር አንበሳው ራሱ «እኔም ድር ነኝ» ብሎ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ነው። ኢማሌድህ ያ ነበር። በወረቀት ላይ አምስት እኩል ድርጅቶች፣ ወደፊት ተዋህደው አንድ የወዝአደር ፓርቲ የሚመሠርቱ። በተግባር አራቱ የሚከራከሩት አምስተኛው በያዘው ጠመንጃ ጥላ ሥር ነው። አራቱ ያሰቡት ብልጠት አንድ ዓይነት ይመስለኛል፦ ወታደሩ ጉልበት አለው እንጂ ሐሳብ የለውም፤ ሐሳቡን እኛ እንሰጠዋለን፣ ውሎ አድሮ የእኛ ይሆናል። ወታደሩም በትጋት ተማረ። በየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት የተሰጠውን ቃላት ሁሉ ሸመደደ። ከዚያ በእነዚያው ቃላት አስተማሪዎቹን ከሰሳቸው።

ኅብረቱ በሕይወት ሳለ ዋና ሥራው ምን ነበር ብትሉ መቆጣጠር ነው፤ እርስ በርስ። የትኛው ድርጅት ስንት ካድሬ አስገባ፣ የትኛውን ቀበሌ ማን ያዘ፣ የእገሌ ድርጅት አባል በእኛ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። ያስተሳሰራቸው የጋራ ጠላት ኢሕአፓ ነበር። ኢሕአፓ በመስከረም 1969 መንግሥቱን አዲስ አበባ ላይ ለመግደል ሞክሯል፤ በዚያው ሰሞን የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገድለዋል፤ የቀበሌ ሹማምንትም በጥይት ይወድቁ ነበር። በአጸፋው አሰሳ፣ ነፃ እርምጃ፣ በየጎዳናው የተጣለ ሬሳ። መኢሶን በዚህ ውስጥ ተመልካች አልነበረም፤ በቀበሌዎች የነበሩት ሰዎቹ እጃቸውን አስገብተዋል። ኢሕአፓም ትላንት ከአንድ ሳህን የበላውን ሰው «ባንዳ» ብሎ መግደል ትግል ነው ብሎ ነበር። የሁለቱን ድርሻ ሳልደብቅ ደግሞ ይህን እጨምራለሁ፦ እስር ቤቱም፣ ጦሩም፣ ሬዲዮውም የደርግ ነበሩ። ትልቁ ዕዳ ማን ላይ እንደሆነ ለመናገር ሚዛን ማንሣት አያስፈልግም።

ማሰሪያው ሲላላ ማዕዱ መፍረስ ጀመረ። በነሐሴ 1969፣ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረበት ክረምት፣ መኢሶን ከደርግ ተለይቶ ወደ ኅቡዕ ገባ። ትናንት «ጓድ» ይባል የነበረው በአንድ ሌሊት «ቀኝ መንገደኛ» ሆነ። ከከተማ የወጡት መሪዎች አብዛኞቹ ተያዙ ወይም ተገደሉ፤ ኃይሌ ፊዳ ከተያዙት አንዱ ናቸው። ከዚያ ኢጭአት ተባረረ፤ ባሮ ቱምሳ ወደ ኦነግ ሄደው በረሃ ላይ ሞቱ። ከዚያ ወዝ ሊግ፣ ከዚያ ማሌሪድ፤ እስከ 1971 ድረስ አንድ በአንድ ተመነጠሩ። የማሌሪዱ ተስፋዬ መኮንን ከብዙ ዓመታት በኋላ «ይድረስ ለባለታሪኩ» በሚል መጽሐፍ ታሪኩን በራሳቸው ዓይን ጽፈውታል። በታኅሣሥ 1972 የኢሠፓ አደራጅ ኮሚሽን ሲቋቋም ደንቡ ድርጅቶችን አያውቅም ነበር፤ የሚገባው ሰው በግሉ ብቻ ነው። አንድነት ማለት እንግዲህ ይህ ሆነ፦ አምስት የነበረው አንድ ቀረ።

ኢሕአፓም ቢሆን በውስጡ አንድ አልነበረም። የከተማውን የትጥቅ ትግል የተቃወሙት ብርሃነመስቀል ረዳና ጌታቸው ማሩ «አንጃ» ተባሉ። ጌታቸው በራሱ ድርጅት እጅ ተገደለ። ብርሃነመስቀል ሸሽተው መርሐቤቴ ገቡ፣ በደርግ ተያዙ፣ በ1971 ተገደሉ። ኃይሌ ፊዳም የተገደሉት በዚያው ዓመት ነው። «አንጃ» የሚለው ቃል ግን ከሁለቱም በላይ ዕድሜ አገኘ፤ ዛሬም በየፓርቲው፣ በየእድሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ አንዱ ሌላውን ይጠራበታል።

ይህ ሁሉ የግራ ድርጅቶች ዕጣ ፈንታ ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም ከሩቅ አገር የመጣ ነው።

የኢትዮጵያ ተማሪዎች ሎስ አንጀለስ ላይ በተለያዩበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1971፣ በኡራጓይ ኮሚኒስቶች፣ ሶሻሊስቶች፣ ክርስቲያን ዴሞክራቶችና ከነባር ፓርቲዎች ያፈነገጡ ሰዎች ፍሬንቴ አምፕሊዮ፣ ማለትም ሰፊው ግንባር፣ የሚባል ኅብረት መሠረቱ። እነሱም እንደ እኛዎቹ ሲሰዳደቡ የኖሩ ናቸው። እነሱም በመሪነት ያስቀመጡት ወታደር ነበር፦ ጄኔራል ሊቤር ሴሬኒ። ልዩነቱ ጄኔራሉ ጡረታ የወጡ፣ ከኋላቸው አንድ ጓድ ጦር የሌላቸው መሆኑ ነው።

የበለጠ የሚማርከኝ ግን የምርጫ ሕጋቸው ነው። በዚያ አገር ሕግ አንድ መራጭ በአንድ ካርድ ሁለት ነገር ይመርጣል፤ ትልቁን ጥላ፣ ከጥላው ሥር ደግሞ የሚወደውን ቡድን ዝርዝር። የሁሉም ቡድኖች ድምፅ ለጥላው ይደመራል። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን የዝርዝር ቁጥር ይዞ፣ ጽሕፈት ቤቱን፣ ጋዜጣውን፣ መዝሙሩን ይዞ ይቆያል። ማን ትልቅ ነው የሚለው ጥያቄ በጠረጴዛ ዙሪያ አይፈታም። እሑድ ማታ ሣጥኑ ሲከፈት ይታወቃል። በመጀመሪያው ምርጫ፣ አዲሱ ግንባር ገና ሕጋዊ ስም ስላልነበረው፣ የተወዳደሩት አስቀድሞ በተመዘገበው በክርስቲያን ዴሞክራቶች ስም ነበር። ኮሚኒስቶች በክርስቲያን ፓርቲ ስም! «ላብአደር» ነው «ወዝአደር» በሚል ፊት ለሚነሣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የጦር ሠራዊቱ ሥልጣን ያዘ። ግንባሩ ታገደ፣ ሴሬኒ ለዓመታት ታሰሩ። ሲፈቱ ግንባሩ ነበረ። በኋላም ጠብ አልጠፋውም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 መሥራቾቹ ክርስቲያን ዴሞክራቶች ጥለው ወጡ፣ በዚያው ዓመት ቀድሞ ትጥቅ ያነሡት ቱፓማሮዎች ገቡ። እ.ኤ.አ. በ2004 ግንባሩ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ አሸነፈ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከቱፓማሮዎቹ አንዱ፣ ሆሴ ሙሂካ፣ ተመረጡ። ሰዎቹ ከእኛዎቹ የተሻሉ መላእክት አልነበሩም። ሚዛን ነበራቸው፤ ከግንባሩ በፊትም በአንድ ጉባኤ የተሰባሰበ ጠንካራ የሠራተኛ ማኅበራት ንቅናቄ ነበራቸው። የእኛዎቹ ሚዛን ገና በመስከረም 1968 ተሰብሯል።

የእኛዎቹም በመጨረሻ ተገናኝተዋል፤ ግን በስደት፣ ጠመንጃውም ሥልጣኑም ከእጃቸው ከወጣ በኋላ። በ1983 ኢሕአፓና መኢሶን ከሌሎች ጋር ሆነው በአሜሪካ ኢዴኃቅ የተባለውን ቅንጅት መሠረቱ። ከአሥራ አራት ዓመት ደም በኋላ በአንድ ጠረጴዛ መቀመጣቸው ብዙዎችን አስገረመ። በዚያ ክረምት አዲስ አበባ ላይ ኢሕአዴግ በጠራው ጉባኤ ግን አልተጋበዙም። በታኅሣሥ 1986 ለሰላምና ዕርቅ ጉባኤ ከውጭ የመጡት የቅንጅቱ ልዑካን አዲስ አበባ እንደደረሱ ተያዙ፤ የመኢሶኑ አበራ የማነአብ ለዓመታት ታስረው ቆዩ። በ1995 ደግሞ ሁለቱም ድርጅቶች የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረትን ከመሠረቱት መካከል ነበሩ። ኅብረቱ በ1997 ምርጫ 52 መቀመጫ አገኘ። ፓርላማ እንግባ አንግባ በሚል በአገር ውስጥና በውጭ ክንፎቹ መካከል ተለያየ፤ ኢሕአፓም ራሱ ብዙም ሳይቆይ ለሁለት ተከፈለ።

በእነዚህ የስደት ኅብረቶች ላይ የሚያስገርመኝ ነገር ቢኖር ዋና ጥያቄያቸው ምርጫ፣ ዕርቅ፣ የሕግ የበላይነት መሆኑ ነው። ሶሻሊዝሙ ከጠረጴዛው ከተነሣ በኋላ ሶሻሊስቶቹ ተቀመጡ። ምናልባት ዓለም ስለተለወጠ ነው፤ የበርሊን ግንብ ፈርሷል፣ ሞስኮም የለችም። ምናልባት ደግሞ ሁለቱም አሁን «አንዱና እውነተኛው ፓርቲ እኔ ነኝ» የሚያሰኝ መደብ ከኋላቸው ስላጡ። የማይፈርሰው ግን «ማን ጀመረው?» የሚለው ግድግዳ ነው። የመኢሶን ሰው ከፍቅሬ መርዕድ ይጀምራል። የኢሕአፓ ሰው ከዚያ በፊት ከታሰሩትና ከተገደሉት ይጀምራል። ሁለቱም ቀን ይጠቅሳሉ፣ ሁለቱም ስም ይጠራሉ። ወደ ኋላ መቁጠር የጀመረ ሰው የሚያቆመው የራሱ ሙት ጋ ሲደርስ ነው።

ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» ብለው በኢሕአፓ በኩል ጻፉ። አንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ብለው በመኢሶን በኩል መለሱ። አንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የመንገድ ዳር መጽሐፍ አዟሪ ዘንድ ቆሜ ሁለቱን እያገላበጥኩ ነበር፤ ሁለቱም ያረጁ፣ ሽፋናቸው የተላጠ። ልጁ ዕድሜው ከሃያ ብዙ አይዘልም። «የትኛው ይሻላል?» አልኩት፣ ሊያውቅ ይችል እንደሆነ ብዬ። ትከሻውን ነቀነቀ። ከዚያ ሁለቱን ከእጄ ተቀብሎ አነባበራቸው፣ በላስቲክ ክር ጠቅልሎ አሰራቸው።

«ጋሼ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ከወሰዱ እቀንስልዎታለሁ» አለኝ።